መኪናውን ማን ይመልሳል

«ልጅ ነገር አይገባውም» የሚሉ ሰዎች ያናድዱኛል። ልጅ ነገር ይገባዋል። የሚገባው ግን ጠማማው ነው፤ ምክንያቱም ትልልቆቹ በር ዘግተው ግማሹን ያወሩና ሌላውን ግማሽ ራሱ እንዲሞላው ይተዉለታል። እኔም በስምንት ዓመቴ ሞላሁት። እንደሞላሁት ከሆነ አባቴ በዚያ በጋ መሞቱ ነበር።

ነገሩ የተጀመረው በካርታ ነው። አባቴ ካርታውን ቤት ውስጥ አልዘረጋውም፤ ቤት ውስጥ አያቴ ነበረች። የዘረጋው ሚሶ በምናብላላበት ጎተራ፣ በመሰላል በሚወጣበት ትልቅ የጥድ በርሜል ክዳን ላይ ነው። የቤተሰባችን መተዳደሪያ ሚሶ የሚባለው የሾርባ ማጣፈጫ ነበር፤ አኩሪ አተሩ ይቀቀላል፣ ከጨውና ከሻገተ ሩዝ ጋር ይደባለቃል፣ በርሜል ውስጥ ይገባል፣ ክዳኑ ላይ የወንዝ ድንጋይ ይከመራል፣ ከዚያ ሦስት ዓመት መጠበቅ ነው። አባቴ ከድንጋዮቹ አራቱን አንሥቶ በካርታው ማዕዘኖች ላይ አስቀመጠ።

«ሺኖ፣ ነይ ውጪ» አለኝ ከላይ።

ወጣሁ። ጣቱ ኒጋታ ወደብ ላይ ነበረች።

«እዚህ ከነመኪናችን መርከብ ውስጥ እንገባለን። መርከቧ አፏን ከፍታ መኪና ትውጣለች።»

«እኛ ውስጡ ሆነን?»

«እኛ ውስጡ ሆነን። በማግስቱ ኦታሩ ላይ ትተፋናለች። ከዚያ ባሕሩን በግራ ይዞ ወደ ሰሜን ነው። ወደ ሰሜን፣ ወደ ሰሜን...»

ጣቱ የባሕሩን ዳር ይዛ ወጣች፣ ሩሞይን አለፈች፣ ስም ያልተጻፈበት አንድ ቦታ ላይ ቆመች። እዚያ ቀረች። እኔ እስክነካት ድረስ አላነሣትም። ጥፍሩ ሥር ሁልጊዜ የማይለቅ ቡናማ የሚሶ ቀለም ነበረ።

«በየትኛው መኪና ነው የምንሄደው?» አልኩት። ያለችን አንዲት የጭነት መኪና ናት፤ በሁለቱም ጎኗ «ኩሮሳካ ሚሶ» ተብሎ በጉልህ ተጽፎባታል።

«በኪራይ» አለ። «ምንም ባልተጻፈበት መኪና።»

ያኔ ለሽርሽር ያማረ መኪና የፈለገ መሰለኝ። ኩሮሳካ የእናቴ ቤት ስም ነው። አባቴ ሌላ ስም ይዞ፣ በዚያች ስም ባልተጻፈባት የሰሜን ዳርቻ የተወለደ የዓሣ አጥማጅ ሁለተኛ ልጅ ነበር። ሄሪንግ የሚባለው ዓሣ ከባሕሩ ጠፍቶ ዳርቻው ሲራብ፣ ወንድ ልጅ ላልነበራት አያቴ ተሰጠ። ሴት ልጇን አገባ፣ ስሟን ተሸከመ፣ በርሜሎቿን ወረሰ። ይህ በኛ ዘንድ ነውር አይደለም፤ ደንብ ነው። እኔ ግን ሰውን እንደ ችግኝ ነቅሎ ሌላ ጓሮ ውስጥ ተክሎ፣ ከዚያ «እንዴት ያለ ጥሩ አማች ወጣልን» ብሎ የሚመጻደቅ ደንብ ዛሬም ደሜን ያፈላዋል።

አያቴ ቶዋ ነገሩን ሰማች። የምትሰማበትን መንገድ ማንም አያውቀውም። እራት ላይ የሩዝ ሳህኗን አስቀመጠች።

«ያሱሄይ፣ ዕድሜህ ስንት ሆነ?»

«ያውቁታል እኮ፣ እማማ። አርባ ሁለት።»

«አርባ ሁለት» አለች ወደ እኔ ዞራ፣ ጥያቄውን እኔ የጠየቅኋት ይመስል። «ወንድ ልጅ በአርባ ሁለት ዓመቱ ምን ይሆናል?»

«ክፉ ዓመቱ ነው» አልኩ። ይህን በኛ ከተማ የማያውቅ ልጅ አልነበረም፤ የጎረቤታችን የምንጣፍ ሠሪው አባት በዚያው ዕድሜው ደረጃ ላይ ወድቆ ሞቷል።

«ክፉ ዓመቱ ነው። ቀንና አቅጣጫ የሚያሳየውን የዕድል መቁጠሪያ ደግሞ ተመልክቼዋለሁ። ዘንድሮ ሰሜን ዝግ ነው። በክፉ ዓመቱ ወደ ተዘጋ አቅጣጫ የሚሄድ ሰው» አለችና እንደገና ሳህኗን አነሣች፣ «ሩዙ ዛሬ ትንሽ ጠጥሯል።»

እናቴ ፉሳኤ የአባቴን ሳህን ተቀብላ ሩዝ ጨመረችለት።

አባቴ ግን ተዘጋጅቶ ነበር። «እማማ፣ የጥንት ሰዎች እንዲህ ሲገጥማቸው ምን ያደርጉ ነበር? መጀመሪያ ወደ ሌላ አቅጣጫ ሄደው ያድራሉ። በማግስቱ ከዚያ ሲነሡ መንገዱ ሌላ መንገድ ይሆናል፤ ክፉው ዕድል ቤታቸው በር ላይ ሲጠብቃቸው ይቀራል። እኛም ናጋኦካ አንድ ሌሊት አድረን እንነሣለን።»

የአያቴ የመብያ እንጨቶች አየር ላይ ቆሙ።

ናጋኦካ ከእኛ በስተደቡብ ነው። ከደቡብ የተነሣ ሰው ሰሜኑ ይርቅበታል እንጂ አይቀርለትም። በዚያ ማዕድ ዙሪያ ይህን የማያውቅ ሰው አልነበረም፤ የተናገረም አልነበረም። ስለ አቅጣጫ እየተከራከሩ እንዳልነበር የገባኝ ጠጉሬ ሽበት ከጀመረው በኋላ ነው። ያኔ የታየኝ ሌላ ነው፤ ሞት የተባለ ነገር በር ላይ ቆሞ አባቴን ይጠብቃል፣ አባቴም በጓሮ ዞሮ ሊያመልጠው ያስባል። ሞት ደግሞ ሞኝ አይደለም።

«ሌላም አለ» አለ አባቴ። «ፉሳኤ መንዳት ትማር።»

«ልጄ ሾፌር ልትሆን ነው?» አለች አያቴ።

«መንገዱ ረጅም ነው፣ እማማ። እየተቀያየርን ብንነዳ ይሻላል።»

ለአያቴ የተሰጣት ምክንያት ይህ ነው። ለእናቴ የተሰጣት ግን ሌላ መሆኑን የሰማሁት አኩሪ አተር በሚቀቀልበት ቀን ነው። በዚያ ቀን ጎተራው በእንፋሎት ይሞላል፤ ከአንድ ክንድ በላይ አይታይም። ትኩስ አተር ለመስረቅ ገብቼ በርሜሎቹ መካከል ቁጢጥ ብያለሁ። ድምፃቸው ከጭጋጉ ውስጥ መጣ።

«ያለ እኔ መመለስ ቢኖርባችሁስ?» ይላል አባቴ። «መኪናው የሰው ነው። በቀኑ መመለስ አለበት።»

«አንተ የት ሆነህ?»

የማማሰያው እንጨት ድስቱን ሲፍቀው ተሰማ።

«ለማንኛውም ነው የምለው።»

«ለማንኛውም» አለች እናቴ፣ ቃሉን እንደ አተር ቀምሳ። ከዚያ ማማሰሏን ቀጠለች።

አፌ ውስጥ ያለው አተር አቃጠለኝ፤ ልተፋውም ልውጠውም አልቻልኩ። አባቴ እንደሚሞት ያውቃል ማለት ነው! ያውቃል፣ ግን የተወለደበትን ባሕር ሳያይ መሞት አይፈልግም፤ ስለዚህ እኛን ወደ ቤት የምታመጣ ሰው ያዘጋጃል። ሁሉም ነገር ገጠመ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ትምህርት ቤት ውስጥ ሆዴን እየቆረጠኝ ሽንት ቤት እመላለስ ነበር። መምህሬ ትል አለባት ብላ ደብዳቤ ላከች፤ እናቴም የትል መድኃኒት አጠጣችኝ። እንግዲህ ልጅ ነገር አይገባውም!

ሒሳቤ ቀላል ነበር። እናቴ መንጃ ፈቃድ ካገኘች ጉዞው ይኖራል፤ ጉዞው ካለ አባቴ የለም። ስለዚህ እናቴ መውደቅ አለባት። ከትምህርት ቤት ስመለስ በሰፈራችን የአማልክት መቅደስ በኩል አልፋለሁ። ሳንቲሜን ሣጥኑ ውስጥ እጥላለሁ፣ ሁለት ጊዜ አጨበጭባለሁ፣ ዐይኔን ጨፍኜ «እናቴን ጣልልኝ» እላለሁ። ሌሎች ልጆች ፈተና እንዲያልፉ በሚለምኑበት በር ላይ የተገላቢጦሽ የምለምን እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

አባቴ ማታ ማታ ግቢያችንን መንገድ አደረገው። ከበርሜሎቹ ላይ የተረፉትን ድንጋዮች እየደረደረ እንደ እባብ የተጠማዘዘ ጠባብ መተላለፊያ ሠራ፤ እናቴን በጭነት መኪናዋ ላይ አስቀምጦ ራሱ እየሮጠ ከጎኗ ይከተላል።

«ፍሪሲዮኑን ቀስ፣ ቀስ! እግርሽ እንቁላል ላይ እንደቆመ!»

«እንቁላሉ ተሰበረ» ትላለች እናቴ፣ መኪናዋ ተንገጫግጣ ስትጠፋ።

«ሌላ እንቁላል አለ። አስነሺ።»

መጀመሪያ ሰሞን ድንጋዮቹን ጨፈለቀቻቸው፣ አንዱን ባዶ በርሜል ገጨች፣ አያቴ መስኮት ላይ ሆና «ቤቴን አፈረሰችው!» ብላ ጮኸች። በኋላ በኋላ ግን ድንጋዮቹ ዝም አሉ። ጎማው በመካከላቸው እንደ ድመት ያልፋል። ይህን ዐይቻለሁ። ዐይቼ ግን የጨመርኩት ጸሎቴን ነው።

የመንጃ ፈተናው በማሠልጠኛው ሜዳ ላይ ነበር። እኔና አባቴ ከሽቦው አጥር ውጭ ቆመን እናያለን። ፈታኙ ኢዋቡቺ የሚባል፣ በከተማው ሴቶች ሁሉ የሚረገም ሰው ነው። ነጯ መኪና ተነሣች፣ ቀጥታውን አለፈች፣ ዳገቱን አለፈች፣ እባብ መንገዱ ውስጥ ገባች። ሁለተኛው ጥምዝ ላይ የግራ የኋላ ጎማዋ ጠርዙ ላይ ወጣ።

«ወይዘሮ!» የኢዋቡቺ ድምፅ በመስኮቱ ወጥቶ እኛ ዘንድ ደረሰ። «መኪና መንገድ ላይ ነው የሚሄደው! ጠርዝ ለጠርዝ የሚሄደው ፍየል ነው!»

እናቴ ወጥታ ጎንበስ ብላ ይቅርታ ጠየቀች። ደስታዬን ለመደበቅ አጥሩን ነከስኩት፤ የዝገቱ ጣዕም ዛሬም ይመጣብኛል።

በሁለተኛው ፈተና እዚያው ጥምዝ ላይ፣ እዚያው ጎማ። አባቴ «ምንም አይደል፣ በሚቀጥለው» አለ። ያን ዕለት ማታ ከወንድሙ ስልክ ተደወለ። የአባቴ ታላቅ ወንድም ጌንዞ በዚያች ዳርቻ ኦክቶፐስ ያጠምዳል፤ የጀልባ ጓደኛው ሥራውን ትቶ ከተማ እንደገባ ሲናገር ሰማሁ፤ ሲያወራ ስለሚጮኽ ስልኩ ክፍሉን ይሞላዋል። አባቴ «እሺ ጋሼ፣ እሺ ጋሼ፣ ከሙታን በዓል በፊት» ብቻ ይል ነበር። በየበጋው የምናከብረው በዓል ነው፤ እኔ የሰማሁት ግን ሙታን! ብርድ ልብሴን ጥርሴ ውስጥ ከትቼ አደርኩ።

በሦስተኛው ፈተና አንድ ነገር ዐየሁ። መኪናዋ እባብ መንገዱ ውስጥ ገብታ ልትወጣ ስትል ቀስ አለች። እናቴ አንገቷን አዞረችና በሜዳው ማዶ እኛን ዐየችን፤ አባቴን፣ ከዚያ እኔን። ከዚያ መስታወቷን ተመለከተች። ከዚያ ጎማው፣ ሾርባ የሞላ ሳህን በሚቀመጥበት ጥንቃቄ፣ ጠርዙ ላይ ወጥቶ ተቀመጠ።

አማልክቱ የእናቴን እጅ ይዘው ሲጠመዝዙት በዐይኔ ያየሁ መሰለኝ። ለብዙ ዓመታት ራሴን ጸሎቷ ተራራ የሚያነሣ ሰው አድርጌ ስቆጥር ኖሬአለሁ።

«እንግዲህ ጊዜ የለም» አለ አባቴ ወደ ቤት ስንመለስ። «እኔው እየነዳሁ እንሄዳለን።»

ይህን አላሰብኩበትም ነበር። ሒሳቤ በሙሉ ፈረሰ።

አያቴ በመነሻችን ዕለት አልጮኸችም፣ የዕድል መቁጠሪያዋንም አላነሣችም። ትንሽ በርሜል ሚሶ በጨርቅ ጠቅልላ ለአባቴ በሁለት እጇ ሰጠችው። «ለወንድምህ። አንተ የመጣህ ዓመት የተጀመረው በርሜል ነው፤ ጥቂት አስቀርቼ ነበር። የእጄ ሥራ ነው በለው።» አባቴ ተቀብሎ ግንባሩን እስከሚነካ ድረስ ከፍ አደረገው። ስጦታ መስሎ እንዲህ ያለ ለስላሳ ድንጋይ ከዚያ ወዲያ ሲወረወር አላየሁም።

ናጋኦካ፣ ለይስሙላ፣ አደርን። መኪናዋን የተከራየነው ኒጋታ ነው። አባቴ ከሠራተኛው ጋር በመኪናዋ ዙሪያ እየተሽከረከረ ጭረት ፈለገ፤ ሠራተኛው ያላየውን አንድ ጭረት ራሱ አሳየው።

«ከቀኑ ሳያልፍ፣ ነዳጁን ሞልተው ነው የሚመልሱልን» አለ ሠራተኛው።

«እንዴታ» አለ አባቴ፣ ከሠራተኛው ይበልጥ ጎንበስ ብሎ። «የሰው ንብረት ነው።»

መርከቧ አፏን ከፍታ ዋጠችን። ብረት በብረት ላይ ሲንኳኳ፣ የጭስና የባሕር ሽታ ሲቀላቀል፣ እኔ የአባቴን እጅጌ ይዤ ቀረሁ። ምንጣፉ ላይ ከሌሎች ተሳፋሪዎች ጋር ተጋድመን ሳለ ትንፋሹን አዳምጣለሁ፤ ሲያስል እደነግጣለሁ። እናቴ የተቀቀለ እንቁላል ልጣ ሰጠችኝ። «ብዪ። የትም አይሄድም» አለች። ስለ እንቁላሉ ይሁን ስለ አባቴ አልጠየቅኋትም።

ከኦታሩ ወደ ሰሜን ባሕሩ በግራችን ሆነ። ገደሉ በቀኝ፣ ውሃው በግራ፣ ዋሻ ይውጠናል፣ ዋሻ ይተፋናል። አባቴ መስኮቱን ከፍቶ የማላውቀውን ዘፈን ያንጎራጉራል። እየነዳ የሚዘፍን አባት አልነበረኝም። ሞት ሲቀርብ ሰው እንዲህ ደስ ይለዋል ማለት ነው ብዬ አሰብኩ። ሩሞይን አለፍን። ካርታው ላይ ጣቱ የቀረችበት ቦታ ደረስን።

ጠጠር የሞላበት ዳርቻ ነው። ሁለት ደሴቶች ከሩቅ ይታያሉ። የጌንዞ የማጥመጃ በርሜሎች አሸዋው ላይ ተደርድረዋል፤ ኦክቶፐስ የሚያጠምዱት እነሱን ውሃ ላይ አንሳፍፈው ነው። አባቴ በርሜል ዐይቶ ሲስቅ ሰማሁት። «እዚህም በርሜል!»

«ያንተ ይቀመጣል፣ የኔ ይሄዳል» አለ ጌንዞ። ሰፊ፣ ፊቱ እንደ ተቆላ አተር የጠቆረ ሰው ነው። «ጫማህን አውልቅና ግባ እንጂ! የከተማ ሰው ሆንክ?»

አባቴ ጫማውን አውልቆ ሱሪውን ሰብስቦ ውሃው ውስጥ ገባ። እናቴ ከመኪናው አልወረደችም። በሩን ከፍታ፣ ጉልበቶቿን ገጥማ፣ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። እኔ መካከል ላይ ሆኜ ጠጠር የምለቅም መሰልኩ።

«ጀልባዋ ሁለት ሰው ትፈልጋለች» ይላል ጌንዞ። «ክፍልህ እንደነበረ ነው፤ እናታችን የሞተች ቀን እንዳየኸው። አባቶች ምን ነበር የሚሉት? ሦስት እፍኝ ፉርሽካ ያለው ወንድ ሚስቱ ቤት አይግባ። እኛ ያኔ ሦስት እፍኝ አልነበረንም። አሁን አለ!»

«መኪናው አለ፣ ጋሼ።»

«የምን መኪና?»

«የኪራይ ነው። መመለስ አለበት።»

«ሚስትህ ትንዳዋ!»

«ወደቀች። ሦስት ጊዜ።»

ጌንዞ ሳቀ። ሳቁ ዳርቻውን ሞላው፤ ከዚያ አባቴ እንዳልሳቀ ዐየና ተወው። «እንግዲያው እዚህ ትቁም! ይምጡና ይውሰዷት! ታርጋዋ የኪራይ መሆኗን ከሩቅ ይናገራል፤ ማን ይሰርቃታል?»

«ከቀኑ ታልፋለች እኮ፣ ጋሼ። የሰው ንብረት ናት።»

«አንተስ የማን ንብረት ነህ?»

አባቴ፣ ውሃው ቁርጭምጭሚቱን እየሸፈነ እየገለጠ ብዙ ቆመ። ባሕሩን ዐየ። ወደ መኪናው ዞረ፤ እናቴ ቀጥ ብላ የፊቱን መስታወት ትመለከታለች እንጂ እሱን አትመለከትም። በእኔ ዘንድ ሰዓቷ ደርሳለች፤ ልቡን ይዞ የሚወድቀው አሁን ነው። የለቀምኩትን ጠጠር ሁሉ ጨብጬ ጠበቅሁ።

ወጣ። ጫማዎቹን አንሥቶ ሶላቸውን እርስ በርሳቸው አጋጫቸው፣ አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ አሸዋው እስኪረግፍ። እግሩን በመሐረቡ ጣት በጣት ጠረገ። የመኪናው ምንጣፍ እንዳይቆሽሽ ነው። ከዚያ የአያቴን በርሜል ከኋላ አውርዶ ለወንድሙ ሰጠው። ምን ብሎ እንደሰጠው አልሰማሁም፤ «የእጄ ሥራ ነው» ማለቱ ግን አይቀርም፣ ጌንዞ በርሜሉን ታቅፎ አንገቱን ደፍቶ ቀርቷልና።

ስንመለስ ባሕሩ በቀኝ ሆነ። አልዘፈነም። እኔ ግን ኋላ ወንበር ላይ ሆኜ ተኛሁ፤ ከስንት ጊዜ በኋላ እንቅልፍ የሚባል ነገር። አባቴ አልሞተም። ሰሜን ተዘግቶ ነበር፣ ገብተን ወጣን። ኒጋታ ስንደርስ ነዳጁን ሞላ፤ አንዲት የባሕር ጠጠር ከወንበሩ ሥር አገኘና ኪሱ ውስጥ ከተታት። ሠራተኛው «ጉዞው እንዴት ነበር?» ሲለው «መልካም መኪና ናት» አለ።

አያቴ በር ላይ ነበረች። «መጣህ» አለችው። «መጣሁ፣ እማማ» አላት። እሷም ደረጃው ላይ፣ እግሯን የቆረጧት ያህል፣ ዝርግፍ ብላ ተቀመጠች። ሙቀቱ ነው ብዬ ውሃ አመጣሁላት። ምሳ የቀረበው ለደስታ ቀን ብቻ የሚሠራው በቀይ ባቄላ የተቀቀለ ሩዝ ነበር።

ቅጠሉ መርገፍ ሲጀምር አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ አባቴ አዲስ የተሞላ በርሜል ክዳን ላይ ድንጋይ ያሳርፋል። እናቴ በቅሎ ቤት ያህል የሚጠበውን የግቢያችንን በር በጭነት መኪናዋ አልፋ ገባች። ፈቃዷን ያገኘችው ያን ዕለት ጠዋት ነው፤ ለማንም አልተናገረችም። መኪናዋን አዞረችና በኋላ ማርሽ፣ ወደ ኋላዋ እያየች፣ የበጋው የድንጋይ እባብ መንገድ በነበረበት ቦታ፣ በበርሜሎቹ መካከል ተጥመዝምዛ አለፈች። የነካችው ነገር የለም። አባቴ ደረቱ ላይ ድንጋይ ታቅፎ መሰላሉ ጫፍ ላይ ቆሞ ቀረ።

«በደንብ ትነጃለሽ» አለ በመጨረሻ።

«መምህሬ ጎበዝ ነበር» አለች እናቴ።

ድንጋዩን አስቀመጠው። ቀስ ብሎ፣ ድምፅ ሳያሰማ። በሚስቱ የኮራ መሰለኝ።

አባቴ ከዚያ በኋላ ብዙ በርሜል ከፈተ፣ አረጀ፣ እዚያው ቤት ሞተ። እናቴ ሚሶውን በዚያ ሁሉ ዘመን ለከተማው ሁሉ በመኪና አደለች፤ አንድም ጠርዝ አልወጣችም። ባለፈው ዓመት፣ ዐይኗ ሲደክም፣ መንጃ ፈቃዷን ልትመልስ ወሰነች። ፖሊስ ጣቢያ ድረስ የነዳችው ራሷ ናት፤ እኔ ከጎኗ ነበርኩ። በሁለት የፖሊስ መኪናዎች መካከል፣ እኔ ብሆን በእግሬም የምፈራውን ቦታ፣ በኋላ ማርሽ አንድ ጊዜ ብቻ ገብታ ቆመች። ያኔ ነው የገባኝ። በዚህ ዕድሜዬ፣ የመቀመጫ ቀበቶዬን እንዳሰርኩ።

«አውቀሽ ነው የወደቅሽው» አልኳት።

ሞተሩን አጠፋች። «መውደቅ ቀላል መሰለሽ? ኢዋቡቺ የሚያክል ሰው ጎንሽ ቁጭ ብሎ! ጎማው የት እንዳለ በትክክል ያላወቀ ሰው እዚያው ቦታ ሦስቴ አይወጣም።»

«ከመጀመሪያው ታውቂ ነበር?»

«ባል ሚስቱን መንዳት ሲያስተምር ይቆጣል፣ ይሳደባል። አባትሽ አልተቆጣም። በደንብ አድርጎ አስተማረኝ። ያን ያህል በደንብ የሚያስተምር ሰው ሊሄድ ነው።»

«አያቴስ? ሰሜን ዝግ ነው ስትል?»

«እናቴ አቅጣጫ አታውቅም ነበር። ሰው ነበር የምታውቀው።»

ንዴቴ መጣ። ስለ እሱ ዘፈን አሰብኩ፣ ስለዚያ መሐረብ፣ ጣት በጣት ስለ መጥረጉ። «እኮ አሰርሽው!» አልኳት። «ሰውየው ሕይወቱን ሊጀምር ነበር። አንቺና አያቴ ተባብራችሁ በአንዲት የኪራይ መኪና አሰራችሁት! ሚስቱን ሊተው ይችላል፣ ልጁን ሊተው ይችላል፣ የሰው መኪና ግን ከቀኑ ማሳለፍ አይችልም፤ ይህን ታውቂ ነበር!»

«አውቅ ነበር» አለች።

«እኮ!»

«እኮ ምን? በሩ ክፍት ነበር። ወንድሙም ‹እዚህ ትቁም› ብሎታል፤ ጆሮ አለኝ፣ ሰምቻለሁ። እኔ ከመኪናው ወርጄ እግሩ ላይ አልወደቅሁም። ‹ተመለስ› ያልኩት አንድ ቃል የለም።» ከቦርሳዋ መሐረብ አውጥታ መሪውን መጥረግ ጀመረች፣ ከላይ ወደ ታች፣ ቀስ እያለች። «እኔ ፈተና ነው የወደቅሁት፣ ሺኖ። መኪናውን የመለሰው እሱ ነው።»

ቀበቶዬን ፈታሁ።

ጠርጋ ጨረሰች። ቁልፉን ነቅላ በሁለት እጇ ይዛ፣ አንገቷን ትንሽ ዝቅ አድርጋ፣ ለእኔ ሰጠችኝ።

«ነዳጁ ሙሉ ነው» አለችኝ።